ቤንቲዩ ሆኜ ልጅ ሳሳድግ

ልጄ እኔን በስሜ፣ እናቴን ደግሞ "እማዬ" ብላ ነው የምትጠራው። ቤታችን የመጣ እንግዳ ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ አሁን ለምጄዋለሁ። ልጅቷ ቃል ከቃል መገጣጠም በጀመረችበት ጊዜ እኔ ስልክ ውስጥ ነበርኩ። ስልክ ውስጥ ያለችው ሴት አጠገቧ ያለችውን "እማዬ" ትላለች፤ አጠገቧ ያለችው ደግሞ ስልክ ውስጥ ያለችውን በስሟ ትጠራለች። ልጅቷም እንደሰማችው ያዘችው።

የሄድኩት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው። ልጄ ሁለት ዓመት ከስምንት ወሯ ነበር። ነርስ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት በአገር ውስጥ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ሳክም ቆይቻለሁ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ደቡብ ሱዳን ውስጥ ቤንቲዩ በምትባል ከተማ፣ በተፈናቃዮች መጠለያ የሚሠራ ሰው ሲፈልግ አመለከትኩ፤ አለፍኩ። ውሉ ላይ ቤተሰብ ይዞ መሄድ እንደማይቻል በግልጽ ተጽፏል። ደመወዙ እዚህ ከማገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሰውን ለመርዳት ብቻ ነው የሄድኩት ብል ዋሸሁ። የኮንዶሚኒየም ዕዳ ነበረብን፤ ባለቤቴም የመንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ ከወር አንዴ ነው ቤት የሚገባው።

እናቴ ከደሴ መጣች። "ለስንት ጊዜ ነው?" አለችኝ። "ለአንድ ዓመት" አልኳት። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ።

ቤንቲዩ የዩኒቲ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ከቦሌ ጁባ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከጁባ ደግሞ በትንሽ አውሮፕላን ሩብኮና ላይ ይታረፋል። ትንሿ አውሮፕላን ላይ ሻንጣ በኪሎ ይገደባል። እናቴ ሌሊት ተቀምጣ ያዘጋጀችውን ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ግማሹን ጁባ ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ለሚሠሩ ልጆች ትቼ ነው ያለፍኩት። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ እንግዲህ ጋዜጣ ላይ ታነበዋለች።

ከላይ ሲታይ አገሩ ውኃ ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የደረሰው ጎርፍ ከ60 ዓመት ወዲህ ያልታየ ነበር፤ ውኃው ገብቶ አልወጣም። መጠለያው ከ100,000 በላይ ሰው ይኖርበታል፤ ዙሪያውን በአፈር ግድብ ታጥሯል። ግድቡ ላይ ቆመው ሲያዩት ውጪ ያለው ውኃ ውስጥ ካሉት ጎጆዎች ወለል ከፍ ብሎ ይታያል። የመጀመሪያ ቀን ይህን ሳይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። በሦስተኛው ሳምንት ግን እንደ ሌላው ሰው ግድቡ ላይ እያወራሁ እሄድ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይለመዳል?

ሕዝቡ አብዛኛው ኑዌር ነው፤ የእኛው የጋምቤላ ኑዌር ወገን። ሰላምታቸው "ማሌ" ነው፤ ሰላም ማለት ነው። አስተርጓሚዬ ልጅነቱን ጋምቤላ ስደተኞች ካምፕ ያሳለፈ ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን በአማርኛ "እህቴ፣ ቡና ይዘሽ መጥተሻል?" ሲለኝ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

መኖሪያችን ኮንቴይነር ነው። አልጋ፣ አጎበር፣ ጠረጴዛ፣ ማራገቢያ። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ ጫማዬን አራግፋለሁ፤ ጊንጥ ይገባበታል። ቁርስ ሻይና ጫፓቲ፣ ምሳ ሩዝና ባቄላ፣ እራት ባቄላና ሩዝ። ዓርብ ዓርብ ፍየል አለ። ዝናብ ሲጥል ጥቁሩ አፈር መኪና ስለማያሳልፍ እስከ ጉልበት በሚደርስ ቦት በእግር እንሄዳለን። ማታ 12 ሰዓት ሁሉም ግቢ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መውጣት የለም። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፈላለሁ። ጀበናዬ መንገድ ላይ ስለተሰበረች በሻይ ማፍያ ነበር የማፈላው፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ሥራዬን ለቅቄ እንድመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀችኝ ያኔ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ሥራው ለአንባቢ እንግዳ አይደለም፤ እዚህም በጤና ጣቢያ የሚሠራ ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የግራ ክንዱ መሐል ቀለም ባለው ጥብጣብ ይለካል። ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በላይ አረንጓዴ፣ ከዚያ በታች እስከ 11.5 ድረስ ቢጫ፣ ከ11.5 በታች ቀይ። ቀጥሎ የሁለቱ እግሮች መዳፍ ከላይ በአውራ ጣት ይጫናል፤ ጉድጓዱ ሳይሞላ ከቀረ እብጠት አለ ማለት ነው። ቀይ የሆነው ልጅ ፕላምፒናት ከፊታችን ይቀርብለታል። ከበላ፣ ሌላ ሕመምም ከሌለው የሳምንቱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እምቢ ካለ ግን መተኛት አለበት፤ እዚያ በየሦስት ሰዓቱ ለእሱ የተዘጋጀ ወተት እየተለካ ይሰጠዋል። አንዷ የፕላምፒናት እሽግ 92 ግራም ናት፤ 500 ካሎሪ ትይዛለች። እሽጓን የሚልስ ልጅ ማየት ለእኔ ከማንኛውም ነገር የበለጠ ደስ ይለኛል።

ልጆቹን ይዘው ከሚመጡት ብዙዎቹ አያቶች ነበሩ። እናቶቹ እንጨት ለቀማ ሄደዋል፤ ወይም ውኃው ውስጥ ገብተው የሚበላ የውኃ አበባ ሥር ይለቅማሉ። ይህ ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ ሥራ ነው። ሱዳን ውስጥ የቀሩም አሉ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር ደግሞ ከዚያ የሚመለሱ ብዙ ሆኑ።

ከእነሱ አንዷ ሁለት መንታ የልጅ ልጆች ይዛ የምትመጣ ረጅም አሮጊት ነበረች። ወንዱን ጀርባዋ ላይ፣ ሴቷን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ዕድሜያቸው 14 ወር ገደማ ነው። ሁለቱም ቀይ ነበሩ፤ የወንዱ ክንድ 10.9 ነበር። ጥብጣቡን ለራሷ ሰጥተን አለካኩን አስተማርናት። ፊደል አታውቅም፤ ቀለም ግን ማንም ያውቃል። በሁለተኛው ሳምንት ከመመዘናችን በፊት "የሴቷ ትንሽ ወፍራለች" አለችን፤ ልክ ነበረች።

በሦስተኛው ሳምንት ጠየቀችኝ። "አንቺስ ልጅ አለሽ?"

"አለችኝ።"

"ማን ያዘልሽ?"

"እናቴ።"

ሳቀችና የሆነ ነገር አለች። አስተርጓሚው፣ "ለእናትሽ ሰላም በይልኝ አለች" አለኝ። ከዚያም ጨምሮ አንድ ነገር ነገረኝ፤ ኑዌር ዘንድ መንታ ልጆች ወፎች ናቸው ይባላል። ሰው ሆነው ሳለ ወፍ ናቸው ማለት እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ ብሎ ብዙ ደከመ፤ እኔም በደንብ የገባኝ አልመሰለኝም።

ማታ ለእናቴ ሰላምታውን አደረስኩ፤ የወፎቹንም ነገር ነገርኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ በደወልኩ ቁጥር ከልጄ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ "ወፎቹስ?" ሆነ።

ስለ ስልኩ ትንሽ ልናገር፤ ምክንያቱም የቤታችን ሕግ የቆመው በእሱ ላይ ነበር። ደቡብ ሱዳን በጥር 2013 ዓ.ም. ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች። ስለዚህ አዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ቤንቲዩ 1 ሰዓት ነው፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ደግሞ 7 ይሉታል። ልጄ የምትተኛው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ያቺ ግማሽ ሰዓት የእኔ ናት። መረብ በሳተላይት ስለሆነ ዝናብ ሲጥል ይጠፋል። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዷን ደቂቃ በጥያቄ ሞላኋት፦ ምን በላሽ፣ ምን ተማርሽ፣ ማን መታሽ። ልጅቷ ሰለቸችና ስልኩን ገልብጣ ምንጣፍ ላይ ታስቀምጠው ጀመር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጥቁር ነገር አያለሁ። እናቴ ነች መላ ያመጣችው። ስልኩን መደርደሪያው ላይ፣ ወጥ ቤቱ በሚታይበት አቁማ፣ "ዝም ብለሽ ተቀመጪ፤ ስትፈልግሽ ትመጣለች" አለችኝ። እኔም ሪፖርቴን እየጻፍኩ ቁጭ እላለሁ፤ እነሱ እራት ይበላሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ልጅቷ እያለፈች ፊቷን ታስጠጋና አፍንጫዋን ታሳየኛለች። ልጁን ትቶ ውጭ የሚሠራ ሰው ካለ ይህን ይሞክረው። ከጥያቄ ይልቅ አብሮ መቀመጥ ይሻላል።

በየስምንት ሳምንቱ ለአንድ ሳምንት እረፍት እመጣ ነበር። በመጀመሪያው እረፍት ልጄ በር ላይ ስታየኝ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። ስልኩን እያሳየች፣ "እሷ እዚህ ውስጥ ናት" አለች። እስከ ማታ አልቀረበችኝም።

በዚያው ሳምንት አንድ ስህተት ሠራሁ። ቦርሳዬ ውስጥ መለኪያ ጥብጣብ ነበር። ልጄ ስትታጠብ ክንዷን ሳየው ቀጭን መሰለኝ፤ አውጥቼ ለካሁት። 15.2፤ አረንጓዴ። እናቴ ፎጣ ይዛ ቆማ ነበር።

"ምንድን ነው እሱ?"

ነገርኳት። ስለ ሥራዬ የምነግራት መስሎኝ በዝርዝር ነገርኳት። ፎጣውን ሰጠችኝና ወጣች። እራት አልበላችም። ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ፣ "አላበላኋትም ብለሽ ነው?" አለችኝ። "እኔ ስድስት ልጅ ያሳደግኩት በሜትር አይደለም።" ይቅርታ ጠየቅኩ። በማግስቱ ጠዋት ጨጨብሳ ሠርታ ልጅቷን ሳይሆን እኔን እያየች፣ "ብዪ፤ አንቺ ነሽ የከሳሽው" አለችኝ። ጥብጣቡ ከልጅቷ መጫወቻዎች ጋር ቀረ።

ሁለተኛው ጠባችን የባሰ ነበር። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለአራት ቀን ስልኩ መደርደሪያው ላይ አልቆመም። መብራት የለም፣ ካርድ አልቋል፣ ተኝታለች፤ ሰበቡ ብዙ ነበር። በአምስተኛው ቀን ልጄ ስትመጣ ከስታለች፤ እጇ ላይ የመርፌ ምልክት አለ። የሳንባ ምች ይዟት ሁለት ሌሊት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እኔ ነርስ ነኝ። የሰው ልጅ ትንፋሽ በደቂቃ ስንት እንደሆነ እየቆጠርኩ የራሴን ልጅ አልሰማሁም። ጮህኩ። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችና፣ "ብነግርሽ ምን ልታደርጊ ነበር? በዚያ ጭቃ አውሮፕላን ይነሳልሽ ነበር?" አለች። እውነቷን ነው፤ በዚያ ሳምንት የሩብኮና ማረፊያ በዝናብ ተዘግቶ ነበር። ግን ልክ አልነበረችም። ሩቅ ያለ ሰው መድረስ ባይችል እንኳ ማወቅ አለበት፤ ካልሆነ ሁሉን ነገር መጠርጠር ይጀምራል። እኔም ከዚያ በኋላ "ደህና ነች" የሚለው ቃል ትርጉም አልነበረውም። ባለቤቴ ገብቶበት ተስማማን፦ ስለ ልጅቷ ክፉም ሆነ ደግ፣ የዕለቱን በዕለቱ ይነገረኛል።

ስምምነቱ ስለ ልጅቷ ነበር። ስለ እናቴ ምንም አላልንም፤ ትዝም አላለኝም።

መንቶቹን ልመልስ። ሴቷ በስምንተኛው ሳምንት ከመርሐ ግብሩ ወጣች፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አረንጓዴ ሆና። ወንዱን ወባ ያዘው፤ መብላት ተወና አስተኛነው። አያቲቱ ዘጠኝ ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ተኛች። በአሥረኛው ቀን ወተቱን ጨርሶ ጽዋውን ሲነክስ አየሁት። ለእናቴ ስነግራት እልል አለች፤ ልጄም ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል አለች። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር ያህል መጡ፤ ከዚያ ቀሩ። የማኅበረሰብ ሠራተኞቻችን ጎጆዋ ድረስ ሄዱ፤ ሌላ ቤተሰብ ገብቶበታል። ጎረቤት፣ "በታንኳ ወደ መንደራቸው ሄዱ" አለ። የትኛው መንደር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ወንዱ ልጅ ገና 12.1 ነበር።

"ወፎቹስ?" ስትለኝ መጀመሪያ ላይ "ደህና ናቸው" አልኳት። ሐምሌ ላይ ለእሷ የጮህኩበትን ነገር እኔው ሠራሁት። በሁለተኛው ሳምንት እውነቱን ነገርኳት። ዝም አለችና፣ "ጥብጣቡን ይዛ ነው የሄደችው?" አለች። ይዛ ነው የሄደችው። "እንግዲያው ትለካዋለች" አለች።

ሁለተኛው ዓመት አልቆ ውሌ ለስድስት ወር ሲራዘም ማንንም አላማከርኩም ማለት ይቻላል። ዕዳው ተከፍሎ ነበር፤ ትንሽ ተቀማጭ ለመያዝ ነው አልኩ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ለእረፍት መጣሁ። ልጄ ሐኪም እየሆነች ትጫወት ነበር፤ ያን የድሮ ጥብጣብ አውጥታ የአሻንጉሊቷን ክንድ ለካች፣ የእኔን ለመለካት ሞከረች፣ ከዚያ ወደ እናቴ ሄደች። እናቴ ነጠላዋን ገልጣ ክንዷን ሰጠቻት። ልጅቷ ቁጥር ማንበብ ተምራለች። "ሃያ አንድ!" አለች እየሳቀች።

የአዋቂ ሰው ክንድ 21 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እናቴ ደሴ ሳለች ወፍራም ሴት ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየማታው መደርደሪያው ላይ ሆኜ ሳያት፣ እራት ስታቀርብ ሳያት፣ እሷን አይቻት አላውቅም ነበር ማለት ነው። ማታ ማታ ስንት ጊዜ እንደምትነሳ ጠየቅኳት። "አራቴ፣ አምስቴ።" ውኃ ትጠጫለሽ? "ይጠማኛል።" ከስንት ጊዜ ጀምሮ? "ከፋሲካ ወዲህ።" ሰባት ወር። በማግስቱ ስናስለካት ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በእግሯ ጣት ላይም የማይድን ቁስል ነበር፤ ጫማ ጠቦኝ ነው ስትል የቆየችው። ያለ ምክንያት የሚከሳ፣ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ሌሊት ለሽንት የሚመላለስ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ቤቱ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ ነገ ጠዋት ያስመርምር።

ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። "አንቺ ሥራ ላይ ነሽ" አለች። ከዚያ ቡና እየቆላች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ ደሴ ያለውን ማኅበሯን ሁለት ጊዜ ተራዋን በሰው እንዳስወጣች፣ የጎረቤቷ ለቅሶ ላይ እንዳልደረሰች፣ እዚህ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደረጃው ጉልበቷን ስለሚያማት ከልጅቷ ትምህርት ቤት በቀር የትም እንደማትወጣ ነገረችኝ። "እኔም እኮ ስደት ላይ ነኝ" ብላ ሳቀች። እኔ ስምንት ሳምንት ስሠራ ለእረፍት እላካለሁ። እሷ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላረፈችም። ለእኔ ደመወዝ ነበረኝ፤ መድን ነበረኝ፤ "እንዴት ነሽ?" ብሎ የሚጠይቅ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንኳ ነበር። ለእሷ በየወሩ የአስቤዛ ብር እልክ ነበር፤ የራሷ የሆነ አንድ ሳንቲም ቆርጬ አላውቅም።

በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን ለቅቄ ተመለስኩ። ቤንቲዩን ስለቀቅ አስተርጓሚው የቀረችኝን ቡና ወሰደ፤ ሻይ ማፍያውንም ጨምሬ ሰጠሁት። ልጄ ከወር በኋላ አምስት ዓመት ሞላት። ጥብጣቡ ለእሷ ከዚህ በኋላ አይሠራም። እናቴ ስኳሯ በመድኃኒት እስኪስተካከልና እግሯ እስኪድን ከእኛ ጋር ቆየች። ከፋሲካ በኋላ ደሴ ሸኘናት። ልጄ መናኸሪያ ላይ የእናቴን ነጠላ ጫፍ አልለቅም ብላ፣ ሹፌሩ ወርዶ እስኪያባብላት ድረስ ጮኸች። እኔ ላባብላት ስል እጄን መታችኝ። ለሦስት ሌሊት እናቴ የተኛችበት አልጋ ላይ ብቻዋን ተኛች። በአራተኛው ሌሊት ወደ እኔ መጣች፤ በስሜ ጠርታ "ቀዝቃዛ ነው" አለችኝ።

አሁን ማታ 2 ሰዓት ላይ ስልኩን መደርደሪያው ላይ የማቆመው እኔ ነኝ። ደሴ ደግሞ እናቴ ስልኳን የቡና ረከቦቱ ላይ አስደግፋ፣ ጎረቤቶቿ እየገቡ እየወጡ፣ ትቀመጣለች። ለእኔ የጠዋት ስኳሯን ቁጥር ትነግረኛለች፤ ለልጄ "በላሽ?" ትላታለች። ልጄ ፊቷን አስጠግታ አፍንጫዋን ታሳያታለች። ሳንዘጋ በፊት አሁንም አልፎ አልፎ፣ "ወሬያቸው የለም?" ትለኛለች፤ አስተርጓሚው ባለፈው ሳምንት ጽፎልኝ ነበር፣ የለም።